የጋሼ ፈረደ ክርን፦ ከቲራት ካርሜል እስከ ክርያት አታ

ሐሙስ፣ ንጋት 5:40፣ ቲራት ካርሜል

ከቤት ስወጣ ገና በደንብ አልነጋም። መንገድ ላይ ድመቶችና እኔ ብቻ ነን። በአንድ እጄ በጨርቅ የጠቀለልኩት ዳቦ አለ፣ በሌላው ስልኬ። ስልኩን እንደ እንቁላል ነው የያዝኩት። ውስጡ ሰው ነበረ፤ አሁን የለም።

በዚህ በማትናሳችን፣ በሰፈሩ የሕዝብ ማዕከል፣ የአማርኛ ገጽ ላይ የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፉት ሰዎች ታይላንድ ደርሰው፣ ጎንደር ተመልሰው፣ በረዶ ላይ ተንሸራተው ነው። እኔ የሄድኩት ክርያት አታ ነው። በመኪና ግማሽ ሰዓት ነው ይላሉ። እኔን አምስት ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን በሰማይ ነው የሄድኩት። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝና የፊደል ስህተቴን እለፉልኝ። ሰዓቱን በዚህ አገር ሰዓት ጽፌዋለሁ።

ባለቤቴ ይርጋ ከፈረቃ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ነበር።

"አብረኸኝ ና፤ ብቻዬን እፈራለሁ" አልኩት።

"አንቺ ቆረጥሽ፣ አንቺ ስፊ" አለኝ። ከዚያ ተኛ። አንድ ጫማው እግሩ ላይ እንዳለ ተኛ።

ምን እንደቆረጥኩ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ መንገዴ አይገባችሁም።

ማትናሱ ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ለእናቶች በስልክ ፎቶ ማንሳት ያስተምራሉ። አስተማሪያችን ዳና ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት። የምታስተምረን የሰው ፎቶ አይደለም፤ ኖፍ ነው። ኖፍ ማለት ተራራው፣ ባሕሩ፣ ሜዳው፣ እንዲያው ዓይን የሚያርፍበት አገር ሁሉ ማለት ነው። የዳና ትምህርት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ "ይህ ፎቶ ስለ ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ስለ እሱ ያልሆነውን ከዳር ቁረጡ። ሁለተኛ፣ ለጓደኞቻችሁ አሳዩ፤ እያንዳንዷ አንድ ያማረ ነገር፣ አንድ የሚቆረጥ ነገር ትንገራችሁ። ይህን ማሾቭ ትለዋለች።

ማሾቩ መጀመሪያ አልሆነልንም። እኛ ዘንድ የታላቅን ሥራ ፊት ለፊት "ይህ ይቆረጥ" የሚል አፍ የለም። ዳና የእትዬ ዘውዴን ፎቶ ግድግዳው ላይ ስታበራው ግማሹ የእትዬ ዘውዴ አውራ ጣት ነበር።

"ያማረውስ?" አለች ዳና።

"ጣትዎ ያምራል" አለች አንዷ።

"እጅግ ያምራል" አልን ሁላችን።

"የሚቆረጠውስ?"

ብዙ ከተጨነቅን በኋላ አንዷ፣ "ባሕሩ ይቆረጥ፤ ጣትዎን ጋርዷል" አለች።

በስድስተኛው ሳምንት ግን ለመድነው። መቁረጥ እንደ ሐሜት ነው፤ እስኪጀመር ነው። ዳና ቤት ስትሄድ እንኳ እኛ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቁጭ ብለን የሰው አገር ስንቆርጥ እናመሻለን።

እንግዲህ በዚያው ሰሞን ልጄ ትርንጎ፣ በመታወቂያዋ ታማር የምትባለው፣ ልታገባው ያሰበችውን የአሳፍን ቤተሰብ አስተዋወቀችን። እናቱ በሕይወት የለችም። አባቱ ጋሼ ፈረደ ናቸው፤ ክርያት አታ ነው የሚኖሩት። ለሁላችን አማካይ ይሁን ተብሎ ካርሜል አናት ላይ፣ ወደቡ ቁልቁል ከሚታይበት መናፈሻ ተገናኘን። ጋሼ ፈረደ ቡናማ ኮት ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። እኔም የዳና የቤት ሥራ ትዝ አለኝና ባሕሩን አነሳሁ። ሰውየው በስተቀኝ ዳር ገብተዋል።

ማክሰኞ ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

"መርከቡ ያምራል። ኮፍያው ይቆረጥ።"

"ሰማዩ ያምራል። ሰውየው ክሬኑን ሸፍኖታል።"

ዘጠኝ ሴት፣ ዘጠኝ ቁረጪ። ፎቶው ስለ ማን ነው ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ስለ ባሕሩ ነው። ቆረጥኳቸው። ስልኩ "ይቀመጥ?" አለኝ፤ "አዎ" አልኩት። የቆረጥኩትን ለክፍላችን የዋትስአፕ ቡድን ላክሁ። ከጋሼ ፈረደ የቀረው አንድ ቡናማ ክርን ብቻ ነበር፤ እሱንም ሳላየው ቀርቼ ነው።

የጋሼ ፈረደ እህት ወይዘሮ አበባ ከኛው ጋር ትማራለች። ያን ቀን ጉንፋን ይዟት ቀርታ ነበር። ኮቱን የገዛችው ደግሞ እሷ ናት። ቡድኑ ላይ አንድ መስመር ጻፈች፦ "ይህ ክርን የወንድሜ ነው።" ከዚያ ወዲያ ዝም።

ለማያውቁ ወጣቶች ልንገር። እኛ ዘንድ ልጆች ከመጋባታቸው በፊት ሽማግሎች በሁለቱም ወገን ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በሰባቱ ቤት ውስጥ አንድ የጋራ አያት ከተገኘ ዘመድ ናቸው፤ ጋብቻው ቀረ። "ዘመድ አገኘንባችሁ" ብሎ በአፉ የሚናገር ጨዋ ግን የለም። ስልክ አለማንሳት፣ ሰላምታ ማሳጠር፣ እንዲህ እንዲህ ባለ ነገር ነው የሚነገረው። ያ ሳምንት የቆጠራ ሳምንት ነበር። ጋሼ ፈረደ እህታቸው ስልክ ላይ ራሳቸውን ተቆርጠው ባዩ ጊዜ፣ "አሃ፤ የልጅቷ ወገን ዘመድ አግኝቷል" አሉ አሉ።

ትርንጎ ከዚህ በፊት አንድ እጮኛ ነበራት። በአምስተኛው ቤት ተገናኙና ተለያዩ። አንድ ዓመት ሙሉ ፀጉሯን ሳታበጥር አልቅሳለች። አሁን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ፎቶው ከወጣ ዘጠኝ ቀን፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። መጨረሻ የላከችልኝ ድምፅ፣ "እማ፣ እኔን ነው የቆረጥሽኝ" ይላል። እሁድ ሽማግሎቹ ተቀምጠው ይወስናሉ። ስለዚህ ነው በንጋት የወጣሁት።

6:25፣ አውቶቡስ ውስጥ

ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው ሁልጊዜ። አደጋ ቢመጣ እሱን ነው የማየው፤ እሱ ከደነገጠ እደነግጣለሁ። ዳቦው ትኩስ ነው፤ ጭኔን ያቃጥለኛል።

ለዳና በድምፅ ላክሁላት፦ "ዳና፣ በሞቴ፣ የተቆረጠ ሰው ይመለሳል?" ዳና ጠዋት ጠዋት ሌላ ሥራ አላት። አልሰማችውም።

ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። ወፍራም፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው።

"ጌቬሬት፣ እመቤቴ፣ ምን ሆነሽ ነው? ታለቅሻለሽ?"

"አላለቅስም። ዳቦው እየተነፈሰ ነው" አልኩት። እውነት ነው፣ እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ነበር፤ ግን ማልቀሴም እውነት ነው።

ቀይ መብራት ያዘን። ስልኩን አሳየሁት። በተሰባበረ ዕብራይስጤ፣ "እዚህ ጋ ሰው ነበር። እንዴት ይመለሳል?" አልኩት።

ስልኩን ተቀበለኝ፤ በአንድ ዓይኑ መብራቱን፣ በአንድ ዓይኑ ባሕሩን እያየ፦

"ሰው ምን ያደርግልሻል? ይህ የመብራት ዘንግ ነው ፎቶውን ያበላሸው።" ጣቱን ጎተተው። ዘንጉ ጠፋ። "አየሽ? አሁን ባሕሩ ተነፈሰ።"

"ኧረ መልስልኝ!"

አረንጓዴ በራ። ከኋላ ያሉት ሁሉ ጡሩምባ ነፉ። "ቤሰደር፣ እሺ እሺ" አለኝና ስልኩን ሰጥቶኝ ነዳ። ሰው ልመልስ ወጥቼ ዘንግ አጎደልኩ።

7:15፣ ሆፍ ሃካርሜል

ጣቢያው ባሕሩ አጠገብ ነው፤ ነፋሱ ሻሽ ይቀማል። ዘበኛው ቦርሳዬን ፈተሸ፣ ከዚያ ዳቦውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

"ምንድን ነው?"

"ዳቦ ነው፤ ለይቅርታ።"

"ትልቅ ነገር ነው ያጠፋሽው ማለት ነው" አለኝ መጠኑን አይቶ።

ሜትሮኒት የሚሉት ረጅሙ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ። መሃሉ እንደ ክራር ቆዳ... እንዳልል ክራርም እንዲህ አይደለም፤ እንደ ታጠፈ ቀሚስ ነው፣ መታጠፊያው ላይ ይሸበሸባል። ሲዞር ከኋላ ያሉት ሰዎች ጥለውን የሚሄዱ ይመስለኛል። ስለዚህ ብረቱን ጨበጥኩና ፍርሃቴን ለማባረር የራሴን ወገን መቁጠር ጀመርኩ። በየፌርማታው አንድ ሰው።

በሩ ተከፈተ፤ እኔ። ተዘጋ። በሩ ተከፈተ፤ አባቴ በላይ። ቀጥሎ አያቴ ታከለ። ቀጥሎ እንግዳ። አንዲት ሴትዮ የሕፃን ጋሪ ይዛ ስትገባ ወርቁ ላይ ደረስኩ። ባት ጋሊም ጋ ወታደሮች ሲገቡ ሰንበቱ። ስድስት ሆነ።

ሰባተኛው ጠፋኝ።

በሩ ተከፈተ፤ ማንም የለም። ተዘጋ። እንደገና ተከፈተ፤ ማንም የለም። የሰንበቱ አባት ማን ነበር? አባቴ ማታ ማታ ያስጠናን ነበር፤ እኔ እንቅልፌን እተኛለሁ። ወደቡ በግራ በኩል እያለፈ ነው። ክሬኖቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው የረሳሁትን ሰው የሚፈልጉልኝ ይመስላሉ። የማላውቀው ሰባተኛ ሰውዬ የልጄን ሠርግ በኪሱ ይዞ የሆነ ቦታ ተቀምጧል። ፍርሃት ማለት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ጨዋታ ነው።

8:20፣ የሚፍራጽ ጣቢያ፣ ከዚያም ሰማይ

እዚህ ወርጄ የክርያት አታን አውቶቡስ መያዝ ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ወደ አንድ በኩል ሲነጉድ ነጎድኩ። ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ የሰካች ልጅ አጠገቤ ነበረች።

"ክርያት አታ በዚህ ነው?" አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። በኋላ ሳስበው ለሙዚቃው ነው የነቀነቀችው።

ካርዴን አስነካሁ፤ በሩ አሳለፈኝ። አንድ የመስታወት ሳጥን ቀስ እያለ መጣ፤ አይቆምም፣ ይሄዳል ግን በሩ ክፍት ነው። "ያላ፣ ግቢ ግቢ" አሉኝ። ገባሁ። በሩ ተዘጋ። መሬቱ ወረደ።

በገመድ ላይ የምትሄደዋን ራካቭሊት ከቲራት ስመጣ ሁልጊዜ ከሩቅ አያታለሁ፤ "ምን ዓይነት የጠገበ ሰው ነው እዚያ የሚገባ?" እላለሁ። ይኸው ከነዳቦዬ ገባሁ።

ፊት ለፊቴ አንድ ሩስያዊ ሽማግሌ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ትልቅ ካሜራ፣ ጭኑ ላይ ሌላ ካሜራ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ "አምላከ እስራኤል" እላለሁ።

"መጀመሪያሽ ነው?" አለኝ።

"መጨረሻዬም ነው። ክርያት አታ መቼ እንወርዳለን?"

በጣቱ ወደ ኋላ አሳየኝ። ክርያት አታ ከጀርባችን፣ ከፋብሪካዎቹ ጭስ ማዶ፣ እየራቀች ነበር። ጮህኩ። ሽማግሌው ሊያረጋጋኝ ብሎ ስለ ካሜራው ማውራት ጀመረ። እኔም ላለመሞት ብዬ ስለ ፎቶዬ ነገርኩት። ስልኩን ተቀበለኝ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

"ሰው ነበር እዚህ" አልኩት። "ክርኑ ይኸው። እንዴት ልመልሰው?"

"ጌቬሬት፣ ይህ ባሕር ተንጋዷል።"

"ባሕሩን ተወው፤ ሰውየው…"

"እንዴት እተወዋለሁ? ውኃው ማዶ ወዳለችው አኮ ከተማ እየፈሰሰ ነው። ሃይፋ በዚህ ከቀጠለ እስከ ማታ ደረቅ ትሆናለች።" ምርር ብሎ ነው የሚናገረው። "አንድ ኖፍ ሲነሳ መጀመሪያ ባሕሩ ቀጥ ይላል።"

ጣቱን አዞረ። ፎቶው ዞረ። ባሕሩ እንደ ገበታ ቀጥ አለ። ሲያቀናው ግን አራቱም ማዕዘን ተቆረጠ።

ክርኑ የለም።

"ክርኑስ?" አልኩት።

"የቱ ክርን?"

"የሰውየው ክርን! ሰው ለመሆኑ ያለኝ ማስረጃ እሱ ብቻ ነበር!"

ሽማግሌው ፎቶውን አየ፣ እኔን አየ። "ያለ ክርኑ ይሻላል" አለኝ። ከዚያ ደግሞ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። ሚንት ነው። ሳጥኗ ነፋስ ነካትና ተወዛወዘች፤ እኔና ሩስያዊው እጅ ለእጅ ተያያዝን። እኔ ነኝ የያዝኩት፤ እሱ ያስለቀቀኝ ተራራው አናት ስንደርስ ነው።

8:50፣ ተራራው ላይ ያለው ተክኒዮን ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ተመልሶ ቁልቁል

ላይ ያለችው ጥበቃ ትግራይ የተወለደች እህታችን ሆና ተገኘች። ሳትጠይቀኝ ጉልበቴን አይታ ወንበር አመጣችልኝ።

"ክርያት አታ ለመሄድ ነው እዚህ የወጣሽው? ውይ እናቴ!" ሳቋን መያዝ አቃታት። "በይ ተነሽ፤ ወደ ታች በዚሁ ነው።"

"ሌላ መንገድ የለም?"

"አለ፤ መዝለል።"

ስወርድ ዓይኔን አንዴ ከፈትኩ፤ አንዴ ብቻ። ነሸር ከሥሬ ነው፣ ባሕሩ በግራ፣ ማዶ ክርያት አታ ጣሪያ ጣሪያዋ። እንዲህ ያለ ኖፍ ዳና አይታም አታውቅ። እጄ ግን ከብረቱ አልላቀቅም ስላለ አላነሳሁትም። ዳቦው ቀዝቅዟል።

ስልኬን አየሁት። ዳና አሁንም አልሰማችኝም።

10:40፣ ክርያት አታ

የጋሼ ፈረደ ቤት ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የለውም፤ ለዚህ ብቻ አመሰገንኩ። ግቢው ውስጥ የሎሚ ዛፍ፣ የታጠበ ልብስ፣ ሁለት የጋዝ ሲሊንደር አለ። ከሎሚው ሥር ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ጋሼ ፈረደ ናቸው። ሌላው አባ ተድላ ናቸው፤ ክርያት አታ ውስጥ ዘር መቁጠር ሲነሳ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ሦስት መቶ ሰው ግን በቃላቸው ያውቃሉ።

ጋሼ ፈረደ ብድግ አሉልኝ። "እንደምን አደሩ የትርንጎ እናት፤ ይግቡ፤ ይቀመጡ።" አንቱ አሉኝ። ባለፈው አንቺ ነበር ያሉኝ።

ዳቦውን አስቀመጥኩ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት…"

"ኧረ ምን ይቅርታ! እኔ ነኝ የማመሰግን። ሌላ ቢሆን ሰው ፊት ያሳፍረን ነበር። እርስዎ በፎቶ ነገሩን። እንዲህ ያለ ጨዋነት ዛሬ የት ይገኛል?"

"ጋሼ፣ እኔ ምንም አልነገርኩም! የትምህርት ቤት ሥራ ነው።"

"ሰው የሚያስቆርጥ ትምህርት ቤት!" ብለው ፈገግ አሉ። "ይተዉት፤ ገብቶናል። እኔም ተነስቼ ቆጠርኩ፤ እውነትም አገኘሁት።"

ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያ ጀርባ ላይ በሁለት ተርታ የጻፉትን አሳዩኝ። ከፊቱ በኩል ዶሮ በቅናሽ ይላል። በአንዱ ተርታ፦ ፈረደ፣ አለሙ፣ ደስታ፣ ካሳ፣ ወንድሙ፣ ሳህሉ። በሌላው ተርታ የኔ ስም፣ በላይ፣ ታከለ፣ እንግዳ፣ ወርቁ፣ ሰንበቱ። ከሁለቱም ሥር፣ በሰባተኛው ላይ፣ አንድ ስም፦ ጓንጉል።

"አባ ተድላን ሰንበቱ የማን ልጅ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው" አሉ ጋሼ ፈረደ።

"የጓንጉል ነዋ" አሉ አባ ተድላ፣ ዳቦውን እያዩ። "ሳህሉም የጓንጉል ነው። ወንድማማቾች ናቸው።"

ጠዋት በየፌርማታው በር ከፍቼ የጠበቅሁት ሰውዬ ይኸው ክርያት አታ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ትርንጎ ፀጉሯን ሳታበጥር ታየችኝ።

"ማስረጃ አለኝ" አልኩ፤ ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው። "ክርንዎ እኮ ቀርቶ ነበር! ልቆርጥዎ ብፈልግ ክርን እተዋለሁ?"

"እስቲ ያሳዩኝ ክርኔን።"

ስልኩን ሰጠሁ። ጋሼ ፈረደ አዩ፤ አቅርበው አዩ፤ አርቀው አዩ።

"የታለ?"

"ሩስያዊው ወሰደው" አልኩ።

አባ ተድላና ጋሼ ፈረደ ተያዩ።

"የቱ ሩስያዊ?"

"ባሕሩ ወደ አኮ እየፈሰሰ ነው ብሎ… ሰማይ ላይ…" ራሴን ስሰማው ለራሴም አልታመን አለኝ። ያኔ ነው ስልኩ ጋሼ ፈረደ እጅ ላይ እንዳለ ቲን ያለው።

ዳና ናት። የጋሼ ፈረደ ጣት ነክቶት ድምፅዋ ግቢውን ሞላው፤ በዕብራይስጥ ነው፦ "እማዬ፣ አሁን ነው የሰማሁሽ! የተቆረጠ ይመለሳል ወይ ነው ያልሽኝ? በደንብ ይመለሳል! ስልኩ እኮ እንደ መቀስ አይደለም፤ እንደ መጋረጃ ነው፤ ይሸፍናል እንጂ አይጥልም። ማረሚያውን ክፈቺ፣ 'ወደ ነበረበት መልስ' የሚለውን ተጫኚ። ደግሞ ማክሰኞ ኖፍ ቆርጣችሁ ኑ ያልኩትን እንዳትረሺ!"

ጋሼ ፈረደ አፋቸውን ከፈቱ። "ይህች ናት አስተማሪዋ?"

"እሷ ናት።"

"ለካ ትምህርት ቤቱ አለ?"

ስልኩን ተቀበልኩ። ይብሱን ባጠፋውስ? ጋሼ ፈረደ ስልኩን ከሥር ደገፉልኝ። ተጫንኩ።

ባሕሩ ተመልሶ ተንጋደደ። የመብራት ዘንጉ ቆመ። በስተቀኝ ደግሞ ጋሼ ፈረደ ገቡ፤ ከነኮፍያቸው፣ ከነኮታቸው፣ ሁለቱም ክርን ይዘው፣ አጥሩን ተደግፈው ወደ መርከቦቹ እያዩ።

"ሆዴ ይታያል" አሉ። "ኮፍያው ግን ተስማምቶኛል።"

አባ ተድላ ስልኩን ወሰዱ። ማሾቭ የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም፤ አፋቸው ግን ራሱ ሄደበት። "ባሕሩ ያምራል" አሉ። "ሰውየውም ይቆይ።"

ጋሼ ፈረደ ወንበራቸው ላይ ለሰስ አሉ። "ስሚ የትርንጎ እናት" አሉኝ፤ አንቺ አሉኝ ማለት ነው። "ተቀይሜ ነበር። አልደብቅሽም። እንግዲህ ይቅር። ግን ጓንጉልን ምን እናድርገው? እሱ መጋረጃ አይደለም።"

አዎ፣ ጓንጉል ወረቀቱ ላይ እንዳለ ነው። ወረቀቱን አየሁት። ሁለት ተርታ፣ ከላይ ጋሼ ፈረደና እኔ፣ ከታች ጓንጉል። ስድስት ሳምንት የተማርኩት ነገር መጣብኝ። እኔ ሽማግሎች ፊት ቆጠራ ላይ ቃል ተናግሬ አላውቅም፤ ሴት ልጅም አትናገርም። ፈራሁ። ግን ጠዋት ከዚህ የባሰ ፈርቼም አልሞትኩም።

"ጋሼ" አልኩ፣ "ይህ ፎቶ ስለ ማን ነው?"

"ምን ፎቶ? ይህ ወረቀት ነው።"

"ወረቀቱስ ስለ ማን ነው? የሚጋቡት እኔና እርስዎ ነን እንዴ?"

አባ ተድላ ዳቦ ሊቆርሱ የዘረጉት እጅ ቆመ። "ፈረደ፣ ቆጠራውን ከማን ነው የጀመርከው?"

"ከራሴ።"

"ከልጁ አይደለም?"

"ከራሴ ነው የጀመርኩት።"

"ለምን?"

ጋሼ ፈረደ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። "እንግዲህ ከፎቶው ወጣሁ። ከቆጠራውም ልውጣ?"

አባ ተድላ ሳቁ። ሳቃቸው ሳል ሆነ፣ ሳላቸው ተመልሶ ሳቅ ሆነ። "አንተ ልጅ! ቆጠራ ከሚጋቡት ነው የሚጀመረው። እኔን ሰንበቱ የማን ነው አልከኝ፤ መለስኩልህ። ወረቀትህን እኔ አላነብ!" ጣታቸውን አወጡ። "አሳፍ አንድ። አንተ ሁለት። አለሙ ሦስት፣ ደስታ አራት፣ ካሳ አምስት፣ ወንድሙ ስድስት፣ ሳህሉ ሰባት።" ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "ትርንጎ አንድ። አንቺ ሁለት። በላይ ሦስት፣ ታከለ አራት፣ እንግዳ አምስት፣ ወርቁ ስድስት፣ ሰንበቱ ሰባት።" እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ እንደ ቢላ አሳረፉ። "እዚህ ጋ ያልቃል። ጓንጉል ስምንተኛ ነው፤ ከዳር ውጭ ነው። ለሠርግ ይጠራል እንጂ ሠርግ አይከለክልም።"

"እርግጠኛ ነዎት አባ?" አሉ ጋሼ ፈረደ።

"ዋናው ነገር" አሉ አባ ተድላ፣ "አንተ ሁለተኛ መሆን ትችላለህ ወይ?"

ጋሼ ፈረደ ስልኬን እንደገና አነሱት። ራሳቸውን አዩ፤ ወደቡን፣ መርከቦቹን፣ ኮፍያውን።

"ፎቶው ላይ ካለሁ" አሉ፣ "ሁለተኛ ልሁን።"

እስክሪብቶ አንስተው ከሁለቱም ተርታ አናት ላይ የልጆቹን ስም ጨመሩ፤ በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል ከዳር እስከ ዳር መስመር አሰመሩ። ጓንጉል ከመስመሩ በታች ብቻውን ቀረ። ያሳዝናል፤ ሰባት ዘመን ተጉዞ መጥቶ። ዳቦውን ያኔ ነው የቆረስነው። ቀዝቅዞም ነበር፤ አንዱ ጎኑም ራካቭሊት ውስጥ ጨብጬው የጣቶቼ ምልክት ታትሞበታል። ማንም ምንም አላለኝም።

ልሄድ ስነሳ ጋሼ ፈረደ፣ "ቁሙ፤ እሁድ ሳይደርስ ልጆቹ ይህን ይዩ" አሉና የራሳቸውን ስልክ አወጡ። እኔና አባ ተድላን ከሎሚው ሥር አቆሙን። ወደ ኋላ ሄዱ፣ ወደ ፊት መጡ፣ ከልብሱ ገመድ ጋር ተጋጩ።

"ፎቶው ስለ ማን ነው?" አልኳቸው።

"ዝም በይ፤ እያነሳሁ ነው።"

ከሰዓት በኋላ 1:35፣ ተመልሼ ሆፍ ሃካርሜል

ባሕሩ አጠገብ የቲራትን አውቶቡስ እየጠበቅሁ ስልኬ ጮኸ። ትርንጎ። ዘጠኝ ቀን ያላየሁት ስም።

"እማ?"

"አቤት ልጄ።"

"አባ ፈረደ ፎቶ ላኩልን። ወረቀቱንም ላኩልን።" ድምፅዋ ተሰበረ፤ ታለቅሳለች ብዬ ብረት ያዝኩ። ሳቅ ነበር። "እማ፣ ግማሹ የጋዝ ሲሊንደር ነው! የአባ ተድላ እግር የለም። አንቺ ደግሞ ከቅንድብሽ በላይ የለሽም!"

"ሎሚውስ ይታያል?"

"ሎሚው ይታያል። ኮል ሃካቮድ፣ ጎበዝ ሎሚው!" ሳቀች፤ ደግሞ ትንሽ አለቀሰች፤ ሁለቱንም ሰማሁ። "እማ፣ ላስተካክለው? ሲሊንደሩን ልቁረጠው?"

"እንዳትነኪው!" ጮህኩ። ፌርማታው ላይ ያሉት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። "እንዳለ ይቀመጥ። አንድ ነገር እንዳትነኪ።"

2:20፣ ቤት

ይርጋ ነቅቶ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጧል። ጫማውን አውልቋል። አላየሁሽም እንዳይለኝ በሩ ላይ ቆሜ ሻሼን አስተካከልኩ።

"ሰፋሽው?" አለኝ።

ትርንጎ የላከችልኝን ፎቶ ከፍቼ ስልኩን ሰጠሁት። ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየ። ሲሊንደሩን አየ፣ ሎሚውን አየ፣ የአባ ተድላን እጅ ከነዳቦው አየ፣ እኔን አየ።

"ጭንቅላትሽስ?"

"እሱ ክርያት አታ ቀርቷል" አልኩት። "እሁድ አብረን ሄደን እናመጣዋለን።"

ጫማውን የት እንዳደረገው መፈለግ ጀመረ።